የሌለ ሮቦት በእውነተኛ ሴንሰር እናንቀሳቅስ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የሮቦት ክንድ እናንቀሳቅሳለን። ክንዱ ያለው ስክሪን ላይ ብቻ ነው። በእጃችን የያዝነው ኤምፒዩ 6050 የምትባል ትንሽ ሴንሰር ነው። እሷን ስናዘነብል ክንዱም አብሮ ያዘነብላል።

ውስጧ ጋይሮስኮፕ (በምን ፍጥነት እንደምትዞር የሚለካ) እና አክስለሮሜትር (ፍጥንጥነትንና የመሬት ስበትን የሚለካ) አሉ። ሁለቱም ለምን አስፈለጉ?

ይህቺን ምሳሌ በጣም ስለምወዳት ታገሱኝ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ቤታችሁ ውስጥ ተራመዱ። መጀመሪያ ላይ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ። ትዞራላችሁ። እንደገና ትዞራላችሁ። በዞራችሁ ቁጥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ትስታላችሁ። ስህተቷ ግን አትጠፋም፤ በሚቀጥለው ላይ ትደመራለች። በር ነው ብላችሁ የሄዳችሁበት ቁምሳጥን ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጋይሮ እንዲህ ነው። አሁን እጃችሁን ዘርግታችሁ ግድግዳውን ንኩ። አቅጣጫችሁ ወዲያው ተስተካከለ! ግድግዳው የመሬት ስበት ነው፤ የሚነካው እጅ ደግሞ አክስለሮሜትሩ። ችግሩ ይህ እጅ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው አንዱ ብቻውን የማይበቃው።

ወደ ኮዱ ቶሎ እንለፍ። አርዱይኖ (ትንሿ የኮምፒውተር ቦርድ) ሴንሰሯን አንብቦ በሲሪያል ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፣ ፓይተን ተቀብሎ ክንዱ ላለበት የፊዚክስ ሲሙሌተር፣ ለፓይቡሌት ይሰጣል። አዲሱ አንግል = 0.98 × (የድሮው አንግል + ጋይሮ × ጊዜ) + 0.02 × የአክስለሮሜትር አንግል። ጋይሮውን አብዝተን እናምናለን፣ አክስለሮሜትሩ በትንሽ በትንሹ ያርመዋል። በቃ! አንግሉን ለክንዱ ሞተር እንደ ትዕዛዝ ስጡት። መገጣጠሚያውን በቀጥታ ካስቀመጣችሁት ፊዚክሱን ትዘሉታላችሁ፤ ያኔ ሲሙሌሽን ሳይሆን አኒሜሽን ነው የሠራችሁት።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁት ልምጣ። «አክስለሮሜትር ካለን ክንዱ የት ቦታ እንዳለም ማስላት አንችልም? ፍጥንጥነትን ሁለቴ ኢንቴግሬት ብናደርገው (በየቅጽበቱ እየደመርን መጀመሪያ ፍጥነትን፣ ከዚያ ቦታን ብናወጣ)?» በወረቀት ላይ ልክ ነው። በተግባር ግን አይሠራም። ሴንሰሯ 0.01 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ብቻ ተሳሳተች እንበል። በ10 ሰከንድ ስህተቱ 50 ሴንቲሜትር ይሆናል። በአንድ ደቂቃ ደግሞ 18 ሜትር! ሴንሰሯ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሮቦታችሁ ግን ከክፍሉ ወጥቶ ሄዷል። ቦታ ከፈለጋችሁ ካሜራ ጨምሩ።

ሌላም አለ። ሴንሰሯ ሳታዘነብል ወደ ጎን ስትዞር የምታነበው ስበት አይለወጥም፤ በዚያ በኩል የሚነካ ግድግዳ የለም ማለት ነው። እሱን ለማረም ማግኔቶሜትር (እንደ ኮምፓስ አቅጣጫ የሚያሳይ ሴንሰር) ያስፈልጋል፤ ኤምፒዩ 6050 ደግሞ የላትም። ይህን በሚቀጥለው ቪዲዮ እንሠራዋለን፣ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።

እስከዚያው ሴንሰሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሳትነኳት የጋይሮውን ንባብ አማካይ ውሰዱ። ያንን ቁጥር ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንሱ። ክንዱ ምን ያህል እንደሚረጋጋ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።