ልቤ ፈራ ወይስ ልቤ ሠራ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ወሬው ስለ ዘፈን ነው፤ በተለይ ዘፈን ውስጥ ስላለው፣ ሁላችንም አብረን እየዘፈንነው ምን እንደሆነ ስለማንስማማበት ቃል።

ጳጉሜን በገባ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም። ልጃገረዶቹ የሚሉት «አበባየሆሽ» ነው? «አበባ አየሽ ወይ» ነው? ወይስ «አበባዬ ሆይ»? እኛ ቤት እናቴ «አበባየሆሽ» ባይ ናት። አጎቴ፣ የእሷ ታናሽ፣ የአማርኛ አስተማሪ ነበርና «ሆሽ ብሎ ነገር የለም! አበባ አየሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ለምለም ብለው ይመልሱላታል፣ አለቀ» ይላል። እናቴ ሰዋስው ውስጥ አትገባም። «እስቲ ከበሮውን ምታና እንደዛ ብለህ አውጣው» ትለዋለች። አጎቴ ይሞክራል፤ «ወይ» ላይ ሲደርስ ምቱ ይቀድመዋል።

እኔ የማደላው ለእናቴ ነው። «አበባ አየሽ ወይ» ወረቀት ላይ ያምራል፣ ትርጉም አለው፤ ግን ትርጉም ያለው ሁሉ የተዘፈነው ነው ማለት አይደለም። ደግሞ ያው ዘፈን ዝቅ ብሎ የእንጀራ እናት ስሞታ ውስጥ ሲገባ «ለእነሱ ፍትፍት ለእኔ ድርቆሽ፣ ከሆዴ ገብቶ ሲንኮሻኮሽ» ይል የለ? «ሽ» ለዚህ ዘፈን ቤተኛ ናት። ማስረጃ ነው አልልም። ጆሮዬ ግን ረክቷል።

እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ቤት መምቻውን ነው። የእኛ ግጥም መጨረሻው ፊደል ላይ ቤት ይመታል። አንደኛው ስንኝ «አጥር» ብሎ ካለቀ፣ ሁለተኛው ላይ ዘፋኙ ምንም ያህል ቢያጉረመርም ቃሉ በ«ር» ማለቅ አለበት፤ «የለኝም አጥር» ካለች በኋላ «ኮከብ ስቆጥር» እንደምትል ሳትሰሙም ታውቁታላችሁ። ስንት የተበላ ቃል በዚህ ዘዴ ተገኝቷል። ችግሩ ቃሉ የጠፋው ስንኙ መሃል ላይ ሲሆን ነው። ወይም ቃሉ መጨረሻ ላይ ሆኖ የጠፋው ግን የፊተኛው ፊደል ሲሆን።

እዚህ ጋ ካሴትን ማንሳት ግድ ነው። አምሃ እሸቴ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ድምፁ ምንም ቢሆን ከአንድ እናት ቅጂ የወጣ ነበር። ካሴት ሲመጣ ግን ከካሴት ካሴት፣ ከዚያም ካሴት እንደገና ካሴት እየተገለበጠ ሄደ። በተገለበጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞተው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አናባቢዎቹ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆኑ ይቆያሉ፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ግን ትንፋሽ ብቻ ናቸው፣ የካሴቱ ሽሽታ ውስጥ ይሰምጣሉ። ጠ እና ቀ ፈንድተው ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። እንግዲህ ዘፋኙ «ልቤ ፈራ» ይበል «ልቤ ሠራ» አራተኛው ግልባጭ ላይ የሚደርሳችሁ «ልቤ ...ራ» ብቻ ነው። ቤት መምቻው ሁለቱንም ይቀበላል። እንግዲህ ተፋለሙ!

የካሴቱን ሽፋን አውጥታችሁ ብታዩም ምንም አታገኙም። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ከዚያ የዘፈኖቹ ርዕስ በሁለት ጎን፣ ከዚያ «መቅዳት በሕግ ያስቀጣል»። የገጣሚው ስም አለ፣ ግጥሙ የለም። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰውየው ቃል መርጦ፣ ሰርዞ ደልዞ የሠራውን እኛ በእርሳስ እያጠነጠንን፣ አንዷን ስንኝ ሃያ ጊዜ እየመለስን ስንፈልግ፣ መጨረሻ ላይ ቴፑ ክሩን ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኛ ያልሰማነውን ቃል «አልሰማሁትም» ብለን አንተውም፤ ወርቅ እናደርገዋለን። አንድ ጊዜ ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ የድሮ ዘፈን ተከፍቶ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ለጎረቤቱ «ይቺን ቃል ሰማሃት? ዝም ብላ ፍቅር እንዳትመስልህ፣ መንግሥትን ነው» እያለ ያብራራል። ቃሏ ለእኔ «እህህ» ነው የምትመስለኝ። ሾፌሩ በመስታወት አየት አደረገውና «ጋሼ፣ ስፒከሩ ተቀዶ ነው» አለው።

ሰምና ወርቅ እኮ ሰሙ ጥርት ብሎ ካልተሰማ አይሠራም። ሁለተኛውን ትርጉም ለማውጣት መጀመሪያ የመጀመሪያውን ቃል መያዝ አለባችሁ። ጥላሁን ገሠሠን ውሰዱት። ፊደል አይውጥም፣ እያንዳንዷን ቃል ቆጥሮ ነው የሚያስረክባችሁ። የክብር ዘበኛ ድምፃዊ ስለነበር ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል፤ «አልቻልኩም» የሚለው ዘፈኑም የፍቅር ነው፣ የለም የፖለቲካ ነው ሲያከራክር ኖሯል። ልብ በሉ፣ ምን እንዳለ ማንም አልተከራከረም። የተከራከሩት ማንን እንዳለ ነው። ይሄና የተቀደደ ስፒከር አንድ አይደሉም።

አስቴር አወቀ ጋ ስትመጡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉን ትጀምረዋለች፣ ከዚያ ድምጿ ይዞት ይሄዳል፣ ሲመለስ ቃሉ ቃል አይደለም፣ ለቅሶ ነው ወይም ሳቅ ነው። እዚያ ላይ ግጥሙን አጥርቶ መስማት የግድ አይመስለኝም። የሱዳን ዘፈን አንድ ቃል አረብኛ ሳናውቅ ስንጨፍርበት አልኖርንም እንዴ? የመሐመድ ዋርዲን ዘፈን አፉ እንዳመጣለት እያለ እንባው የሚመጣ ሰው አውቃለሁ።

አዝማሪ ቤት ግን ይህ ጣጣ የለም። ሰውዬው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል፣ ከዘለለ ሰጪው እዚያው ያርመዋል። ብር ከግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ቃሉ ከደረሰ ነው። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የግጥም ማስተላለፊያ አላየሁም።

ሰሞኑን ደግሞ ዋሽንግተን ያለች የእህቴ ልጅ የምትወደውን ዘፈን ግጥም በላቲን ፊደል ጽፋ ላከችልኝ፣ «አክስቴ፣ አርሚልኝ» ብላ። ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው፣ የጻፈችው በጆሮዋ ብቻ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ «አለች» የምትል ቃል ነበረች። ላልቶ ከተነበበ «ተናገረች» ነው፣ ጠብቆ ከተነበበ «በሕይወት አለች» ነው፤ ዘፋኙ ደግሞ «ለ»ዋን ስቦ ስቦ መላላቷንም መጥበቋንም አጥፍቶታል። ልጅቷ ግን ፊደሏን ሁለት ጊዜ ደርድራ አጥብቃ ጽፋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሞታ ቢሆን እንዲህ አይዘፍንላትም ነበር» አለችኝ። እኔ ተናገረች የሚለው ነው የሚመስለኝ፣ ቀጥሎ የምትናገረው ነገር ስላለ። አልተስማማንም፤ እናቷ ሦስተኛ ሐሳብ ይዛ መጥታለች።

እናንተም እንደዚህ ያጣላችሁ ስንኝ ካለ ላኩልኝ፣ የሚቀጥለው ክፍል ላይ አብረን እንሰማዋለን። ብቻ በጽሑፍ አይሁን፣ እባካችሁ በድምፅ ቅዱት። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለች» ብላችሁ ብትጽፉልኝ ተመልሰን እዚያው ነን።