ሲቪ የሚታደሰው ሰላም የሆናችሁ ቀን ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሲቪ ነው። ቆይ፣ አትዝጉት።

አብዛኞቻችን ሲቪያችንን መቼ ነው የምንከፍተው? ወይ ከአለቃ ጋር ስንጣላ ነው፤ ወይ ደግሞ ጓደኛ በቴሌግራም ማስታወቂያ ልኮ «ይሄ አንተን ነው የሚፈልገው፣ ነገ ያበቃል» ሲለን። ሁለቱም ለመጻፍ አይመቹም። የተናደደ ሰው ትዝ የሚለው የሠራው ሳይሆን የተበደለው ነው። የቸኮለ ደግሞ የድሮውን ፋይል ከፍቶ ቀኗን ብቻ ቀይሮ ይልካል።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ጓደኛዬ በቅርቡ ሲቪዋን እንድመለከትላት ሰጠችኝ። «መዝገብ መያዝ፣ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መጠቀም፣ በቅርብ አለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን» ይላል። ይሄ እኮ የማንም የሒሳብ ሠራተኛ ወረቀት ነው፤ እሷ የለችበትም። ቡና ይዘን ስናወራ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። መሥሪያ ቤቷ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ፣ ሲሸጋገር ከመጋዘን መጋዘን እየዞረች ቋሚ ንብረቱን ቆጥራ መዝገቡን ያስተካከለችው እሷ ናት። «ስንት ንብረት ነበር?» አልኳት። «ኧረ ተወኝ እባክህ፣ ማን ያስታውሰዋል!» ስንት ቅርንጫፍ? እሱም ተረስቷል። ያኑ ሰሞን ሁለት መስመር ጽፋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደመወዝ የምትደራደርበት ቁጥር በእጇ ነበር።

እርግጥ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። «ሥራዬ ይናገር» እንላለን። ሥራችን ግን የቅጥር ኮሚቴው ስብሰባ ላይ አይገኝም።

እኔ የማድሰው ሰኔ ውስጥ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ያን ሰሞን ብዙ ቢሮ ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርትና የአፈጻጸም ምዘና ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአለቃ ከጻፉት ላይ ለራስ መቅዳት ምን ይከብዳል?

ማደስ ስል ወረቀቱንም ጭምር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ውሉ ሲቋረጥ ብቻ አይደለም፣ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም ጭምር ነው። ብዙ ሰው ይቺን አያውቃትም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚወጣው ሲለቁ፣ ያውም ክሊራንስ ጨርሰው፣ ይመስለዋል። ደግሞ ማስታወቂያዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ»፣ «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዘው»፣ «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ»። እስቲ ከተዘጋ ድርጅት ይህን ሁሉ በ10 ቀን አምጡ! ድርጅቱ ሳይዘጋ፣ ፋይላችሁ የት እንዳለ የሚያውቀው የሰው ሀብት ሠራተኛም ሳይለቅ መጠየቅ ነው።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ሲቪ በየዘመኑ እየተቀጠለ ሲሄድ ምረቃው በእኛ አቆጣጠር፣ ሥራው በፈረንጅ ሆኖ ይቀራል። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ተመርቆ በዚያው ክረምት ሥራ የጀመረን ልጅ አስቡት። ምረቃ 2010፣ ቅጥር 2018 ብሎ ይጽፋል። ዱባይ ወይም ናይሮቢ ያለ ቀጣሪ ይህን ሲያነብ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ነው የሚታየው። ልጁ ግን ሁለት ወር እንኳ ቤት አልዋለም። ማንም ደውሎ አይጠይቀውም፤ ዝም ብለው ያልፉታል። ወደ ውጭ የሚላከውን ሙሉ በሙሉ በነሱ፣ የአገር ውስጡን በእኛ አድርጎ ሁለት ቅጂ መያዝ ነው።

እዚያው ላይ የድሮውን ጠርጉ። የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፦ ማንበብ»... ማን ጠየቃችሁ?

መጨረሻ ላይ ያሉት የምስክሮች ስሞችስ? አንዱ አሜሪካ ሄዷል፣ የአንዱ ስልክ ከተቀየረ ቆይቷል፣ አንዱ ደግሞ ማን እንደሆናችሁ ማስታወሱም ያጠራጥራል። እኔ ሲቪዬን ሳድስ እደውልላቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ስምዎን ጽፌያለሁ፣ ቢደውሉልዎ ቅር አይልዎትም?» ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። አንዳንዴ ወሬው ይረዝምና እነሱ ራሳቸው «እገሌ ሰው ይፈልጋል፣ ላገናኝህ?» ይላሉ። ሳያስፈቅዱ ስም መጻፍ ግን፣ እኔ በበኩሌ ደስ አይለኝም። ሰውየው ስብሰባ ላይ እያለ ከማያውቀው ቁጥር ተደውሎ «ይህን ልጅ ያውቁታል?» ሲባል ምን እንዲል ነው?

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።