999 ስንደውል ማን ይመጣል?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከቤቴ ልጀምር። የምኖረው እዚሁ ምዕራብ ለንደን፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡና ሲቆላ አላርሙ ይጮሃል፤ ዕጣን ሲጨስ ይጮሃል። አንድ ፋሲካ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሲጮህብኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪውን አወጣሁት። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ለወራት እዚያው ቀረ። እዚህ ካለነው መካከል አላርሙን በፌስታል የጠቀለለው ስንቱ ነው? ማንንም ልቆጣ አልመጣሁም። ባትሪውን እንድመልስ ያደረገኝ የዚህ ከተማ እሳት አደጋ ታሪክ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 1666 ለንደን ስትቃጠል እሳት የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከአንድ ዳቦ ቤት የተነሳው እሳት አራት ቀን ነደደ፤ ከ13,000 በላይ ቤት በላ። ሰዉ በእጁ የነበረው የቆዳ ባልዲና ቤት ማፍረሻ ሜንጦ ነው። ከዚያ በኋላ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መጡ። በቴምዝ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎችን እሳት አጥፊ አድርገው ቀጠሩ። ዋስትና የገባ ቤት ግድግዳው ላይ ከእርሳስ የተሠራ ምልክት ይለጠፍበታል። ዛሬም በአሮጌ ቤቶች በር አናት ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ አልፎ አልፎ ታገኙታላችሁ። አንዱ ኩባንያ ምልክቱ የሰው ፊት ያላት ፀሐይ ነበረች። አያችሁ፣ አገልግሎቱ ሲጀመር የቆመው ለንብረት ነው።

በ1833 ኩባንያዎቹ ተባብረው 80 ሠራተኞችና 13 ጣቢያዎች ያሉት አንድ ድርጅት አቋቋሙ። አለቃ እንዲሆንም ጄምስ ብሬድዉድን ከኤድንብራ አስመጡ። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ኤድንብራ ሳለ ለሥራው የመረጣቸው ጣሪያ ሠሪ፣ አናጺ፣ ግንበኛና ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ ከየት በኩል እንደሚደረመስ ያውቃላ! መንገድ ላይ ቆሞ ውኃ መርጨት ብቻውን አይበቃም፤ ውስጥ ገብቶ የእሳቱን ምንጭ መምታት ነው ብሎ አስተማረ። በ1861 ቱሊ ስትሪት ላይ የወንዝ ዳር መጋዘኖች ሲቃጠሉ ግድግዳ ተንዶበት ከሰዎቹ መካከል ሞተ። እሳቱን ፈጽሞ ለማጥፋት ሁለት ሳምንት ፈጀ። ኩባንያዎቹም ይህ ከአቅማችን በላይ ነው አሉ። ከ1866 ጀምሮ ሥራው የሕዝብ ሆነ፤ የለንደን እሳት አደጋ መከላከያ የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ በ1904 ነው።

የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥራችንን፣ የ999ን ነገር ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1935 ዊምፖል ስትሪት ላይ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤት ሊደውል ሞክሮ የስልክ ማዕከሉ ወረፋ አስጠበቀው። ሰዉ ተቆጣ፣ ጉዳዩ ተመረመረ፣ በ1937 ይህ ቁጥር ለንደን ውስጥ ሥራ ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ ልጆቻችሁ ከሥራ እስኪመጡ አትጠብቁ። አድራሻችሁንና ፖስት ኮዳችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ "አማርኛ" በሉ፣ አስተርጓሚ ይፈልጉላችኋል።

ዛሬ ከተማዋ ከ100 በላይ ጣቢያዎች አሏት። ሠራተኞቹ በአራት ፈረቃ ተከፍለዋል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይባላሉ። ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት ይሠሩና አራት ቀን ያርፋሉ። የመጀመሪያው መኪና በአማካይ በ6 ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ8 ደቂቃ እንዲደርስ ነው ዕቅዱ። ልጆቻችንም ይህን ሥራ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ከጉያና የመጣው ፍራንክ ቤይሊ በ1955 ዌስት ሃም ውስጥ ሲቀጠር፣ ጥቁር ሰው በዚህ ሥራ ላይ ማየት ያልተለመደ ነበር።

አሁን ወደ ግሬንፌል፣ እዚሁ ምዕራብ ለንደን ወደተቃጠለው የመኖሪያ ፎቅ ልምጣ። ለብዙዎቻችን ገና ትኩስ ሐዘን ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2017፣ ከሌሊቱ 6፡54 የመጀመሪያው ጥሪ ደረሰ። 72 ሰው ሞተ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ወገኖቻችን፣ ሕፃናትም ጭምር ነበሩበት። ለነዋሪው የተነገረው "ባላችሁበት ቆዩ" የሚል ነበር። ምክሩ እሳት ከተነሳበት ፍላት አይወጣም በሚል ነው። የሕንፃው የውጭ ልባስ ግን ራሱ ተቀጣጣይ ነበር፤ እሳቱ በውጭ ግድግዳው ሽቅብ ወጣ። ምክሩ የተነሳው 8፡47 ላይ ነው። የ2019ኙ የምርመራ ሪፖርት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መነሳት ነበረበት ብሏል። ያን ሌሊት ደረጃውን ደጋግመው የወጡትን ሠራተኞች ጀግንነት ማንም አይክድም። ግን ጀግንነት የዝግጅትን ቦታ ሊሸፍን አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በጭስ ውስጥ የሚወጣ ሰው ፊቱን የሚከልልበት ጭንብል በየመኪናው ገባ፣ 64 ሜትር የሚደርስ መሰላልም ተገዛ።

ዝግጅቱ በእኛም በኩል ነው። የእንጀራ ምጣዳችሁን በኤክስቴንሽን አትሰኩት፤ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ከአላርሙም ራቅ በሉ። ማዕድ ቤት ለጭስ ሳይሆን ለሙቀት የሚጮህ አላርም ይሻላል። እሳት አደጋዎች ቤታችሁ መጥተው በነጻ ያያሉ፤ እንዲመጡላችሁ የምትፈልጉ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ቅጹን እንሞላላችኋለን።

እኔ ባትሪውን መልሻለሁ። እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ጫማችሁን ከማውለቃችሁ በፊት፣ አላርሙ መሃል ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙት።