ከሦስት እጅ ቀለም ሥር የወጣ ዋንዛ

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ ጋዜጣ ላይ የቆመ፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ ኮሞዲኖ]

ይሄን ኮሞዲኖ ለትንሽ ነው ከቆራሌ እጅ ያስጣልኩት። የእትዬ ነው፤ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዋጋ ተነጋግረው ጨርሰው ቆራሌው ሊሸከመው ጎንበስ ሲል ደረስኩ። መሳቢያውን ስቤ አወጣሁና ገለበጥኩት።

እናንተም አሮጌ ዕቃ ስታገኙ መጀመሪያ የምታዩት ይሄን ነው። የመሳቢያን ሆድና ጀርባ ማንም አይቀባውም። ቺፑድ ከሆነ ጠርዙ ላይ የተጋገረ የመጋዝ ብናኝ ታያላችሁ፤ እሱን ለቆራሌው ተዉለት። የእትዬ መሳቢያ ግን ወርቃማ ቡናማ ነው፣ ማዕዘኑም ያለ ሚስማር፣ በእጅ በተቆረጠ ጥርስ ተቆላልፏል። ዋንዛ!

ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እትዬ ሊሸጡት የነበረው እንግዲህ ይሄን ነው።

[ምስል፦ ስፓቱላ ቀለም ሲልጥ፣ በቅርበት]

ቀለም ማንሻ ቀቡት፣ ጠብቁ፣ ሲያብጥ በስፓቱላ ግፉት። አረንጓዴው ሲነሳ ሰማያዊ መጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ክሬም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የእናንተ ዕቃ ደግሞ ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉት። አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ፣ የተላጠውን ፌስታል ውስጥ ሰብስባችሁ እሰሩት።

ከክሬሙ ሥር ቀጭን፣ ቡናማ የሚያብለጨልጭ ነገር ቀረ። ጥጥ አልኮል ነክሬ ጫፉ ላይ አሳረፍኩት። ወዲያው ለስልሶ ተጣበቀ። አልኮል የሚያሟሟው ከሆነ ጎማላካ ነው፤ በአልኮል የሚበጠበጥ፣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ፣ የድሮ አናጢዎች በጨርቅ እያሹ የሚቀቡት። በቲነር ብቻ የሚለቅ ከሆነ ላከር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልነኩት ምናልባት ቫርኒሽ ነው፣ ጉልበታችሁን አዘጋጁ።

[ምስል፦ እጅና ብርጭቆ ወረቀት፤ ድምፁ ይሰማ]

አሁን ወደምወደው ደረስን። ብዙ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ወደ ቫርኒሹ ይቸኩላል። እኔ ለቫርኒሹ አይደለም የምሠራው።

በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ ከዚያ 120፣ 180፣ መጨረሻ 220፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። ቁጥር አትዝለሉ፤ 80 የቧጨረውን 220 አያጠፋውም፣ ቫርኒሽ ሲነካው ጭረቱ ሁሉ ይወጣል። ወረቀቱን ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፣ እጃችሁንም በእንጨቱ መስመር ርዝመት ብቻ ውሰዱ፣ ወደ ጎን በፍጹም። በ80 ድምፁ ሸካራ ነው፣ እንደ ጠጠር መንገድ። በ180 ይለሰልሳል። 220 ላይ የእጃችሁን ድምፅ እንጂ የወረቀቱን አትሰሙም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ ዓይን ያለፈውን ጉድፍ መዳፍ ያገኘዋል።

ኮሞዲኖው አናት ላይ አንድ ስርጉድ ነበረ፣ የሙቀጫ ይሁን የሌላ እንጃ። ስቱኮ ልሞላው ነበር። ግን እንጨቱ ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረሰም። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ የጋለ ካውያ አሳረፍኩበት። እንፋሎቱ ሲገባ የተጨፈለቀው እንጨት አብጦ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ቦታው ጠፋኝ።

ከዚያ አናቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ግራጫ አቧራ የለበሰው እንጨት ባንድ ጊዜ ማር መሰለ፣ ጥቁር መስመሮቹ ከየት እንደመጡ እንጃ። እትዬን ጠራኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ አቧራ ቤቴ ውስጥ—» ብለው ጀምረው ዝም አሉ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። «ይሄማ የአባቴ ነው» አሉ። ከመቀባቱ በፊት የነበረውን መልክ ያስታውሳሉ።

[ምስል፦ ቫርኒሽ መቀባት፣ ፈጠን ብሎ]

ቀሪውን ባጭሩ። ውሃው የእንጨቱን ጭገር ያስነሳል፤ ሲደርቅ በ220 አንዴ አልፉት። የመጀመሪያውን እጅ ቫርኒሽ በአኳራጅ አቅጥኑት፣ ሲደርቅ በ320 ነካ ነካ አድርጉ፣ ሁለት እጅ ጨምሩ። የተልባ ዘይት የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ያሻችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ይግላል፣ ጨርቁ በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ለሚንቀራፈፍ መሳቢያ መንሸራተቻው ላይ ሻማ አሹበት፤ ዘይት አይደለም፣ ሻማ።

ቫርኒሽ በማግስቱ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ይሄን ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ «እንዳይበላሽ ብዬ» ጋዜጣ አንጥፈው የሞቀ ጀበና አስቀምጠውበታል። ጋዜጣው ተጣብቋል፣ ስልጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ አናቱ ላይ ታተመ።

እትዬ ደነገጡ። እኔ 320 ቁጥሯን ከኪሴ አወጣሁ፤ ኪሴ ውስጥ ምን ትሠራ እንደነበር አትጠይቁኝ።