ሚሞሪ ሲያልቅ የሚቆመው ፕሮግራም የትኛው ይሁን?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ሌሊት ላይ ዳታቤዙ ድንገት ይቆማል። የቆመው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ የነበረው ፕሮግራም) ስለ ራሱ አንድም የስህተት መስመር አልጻፈም። የከርነሉን፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ሎግ ስትከፍቱ ግን «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ሚሞሪ አልቋል) የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ፕሮግራሙ ኮንቴነር (ከሌሎች ተለይቶ የሚሠራበት ክልል) ውስጥ ከሆነ 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ታያላችሁ፤ 128 ሲደመር ሲግናል 9 (ፕሮሰስን ወዲያው የሚገድል ትእዛዝ) ማለት ነው።

ሊኑክስ ፕሮግራም ሚሞሪ ሲጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል። ራሙን የሚሰጠው ግን ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ገጽ (ሚሞሪ የሚከፋፈልበትን ቁራሽ) መጀመሪያ ሲነካ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም። ፕሮሰስ ፎርክ በተባለው ጥሪ ሲባዛ ልጁ የወላጁን ሚሞሪ ይጋራል፤ የሚቀዳው የተለወጠው ገጽ ብቻ ነው። ለሁሉም ሙሉውን እንያዝ ቢባል ብዙ ራም ሥራ ፈቶ ይቀመጥ ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ሁሉም የተፈቀደለትን በአንድ ጊዜ መጠቀም ሲጀምር ነው። ከርነሉ መጀመሪያ የፋይል ካሹን (ከዲስክ አንብቦ ራም ላይ ያቆየውን ቅጂ) ይለቃል፤ ስዋፕ (ለሚሞሪ ተብሎ ዲስክ ላይ የተለየ ቦታ) ካለም ወደዚያ ያሸሻል። ያም ካላዋጣ ኦኦኤም ኪለር፣ ማለትም «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ሲሆን የሚገደለውን የሚመርጠው የከርነሉ ክፍል፣ ይነሳል። ለየፕሮሰሱ በያዘው ራምና ስዋፕ መጠን ነጥብ ይሰጣል፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን በሲግናል 9 ይገድላል። ይህን ሲግናል ፕሮግራሙ ሊከላከለው አይችልም፤ የጀመረውን ለመጨረስም ፋታ አያገኝም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ነጥቡ የሚለካው መጠንን እንጂ ጥፋትን አይደለም። ሚሞሪ የሚያፈሰው፣ ማለትም የወሰደውን ሳይመልስ ሌላ የሚጠይቀው፣ አንድ ትንሽ የሪፖርት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ የሚሞተው ግን ከሁሉም የገዘፈው ዳታቤዝ ነው። የደንበኛ ክፍያ የያዘ ሥራ በዚህ መንገድ ሲቋረጥ ዝም ብለን ልናየው አይገባም።

ዊንዶውስ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ከራምና ከፔጅ ፋይል (የዊንዶውስ ስዋፕ) ድምር በላይ ቃል አይገባም፣ ገና ሲጠየቅ እምቢ ይላል። ሊኑክስንም ኦቨርኮሚት ሜሞሪ የተባለውን ቅንብር 2 በማድረግ ወደዚህ ማቅረብ ይቻላል። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰነድም ይህን ይጠቁማል። ራም መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ የሚያፈስ ፕሮግራም የተጨመረውንም ይበላዋል። ለሪፖርት ፕሮግራሙ በሲግሩፕ (ለፕሮሰሶች ቡድን ገደብ በሚያበጀው የከርነል ዘዴ) ጣሪያ ብታበጁለት፣ ሲያልፈው የሚሞተው እዚያው ክልል ውስጥ ያለው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ቢሮ ስትገቡ የዳታቤዛችሁን ኦኦኤም ስኮር አድጀስት፣ ማለትም ያን ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርጉበትን ቅንብር፣ ተመልከቱ። ከ-1000 እስከ 1000 ይሄዳል፤ -1000 ማለት አይነካ ማለት ነው። 0 ሆኖ ካገኛችሁት፣ ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ለከርነሉ ትታችሁታል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።