«በሞቴ ብዪ» ከማለት በፊት፦ ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌና ስለ ጓደኛ አፍ

የተከበራችሁ የቅሬያችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ እንድንናገር የጠየቃችሁን ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ ነው። ስለ መድኃኒቱ መባል ያለበትን እንላለን፤ የበለጠ ጊዜ የምንሰጠው ግን ለሰው አፍ ነው። እኛ እንደ መድኃኒት ባለሙያና እንደ ነርስ ስናየው፣ በዚህ መርፌ ላይ መከላከል እየተቻለ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ተደብቆ ሲወጋ ነው። ተደብቆ የሚወጋው ደግሞ ወዳጁ እንዳይፈርድበት ነው።

ወሎ ውስጥ ክሳት በዋዛ አይታይም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ያየ ቤተሰብ ሰው ሲከሳ ልቡ ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህም ክሳት የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የስኳር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ 10 ኪሎ የቀነሰች ሴት ገበያ ስትወጣ ቀድሞ የሚጠብቃት «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ነው። መርፌ እንደምትወጋ ስትናገር ደግሞ ሐዘኔታው ወደ ፍርድ ይዞራል። «አቋራጭ ፈልጋ ነው»፣ «ገንዘብ ተርፏታል»፣ «ጾሙ አልበቃት አለ?»፣ «አፏን ብትይዝ ምን አለበት?» የሚገርመው፣ ቀን ከፈረዱት አንዷ ማታ ደውላ «እስቲ እኔንም አንድ ጊዜ ውጊኝ» ማለቷ ነው። ወደዚህኛው እንመለስበታለን፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነውና።

መጀመሪያ «አፏን ብትይዝ» የሚለውን እንመርምር። ስንበላ አንጀታችን ጂ.ኤል.ፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ይህ ሆርሞን አንጎል ጥጋብ እንዲሰማው ያደርጋል፣ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገየዋል፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅም ያግዛል። ነገር ግን ግማሹ በ2 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተሰባብሮ ያልቃል። ኦዜምፒክና ዌጎቪ በሚል ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ ይህንኑ ሆርሞን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ግማሹ እስኪወጣ 1 ሳምንት ይፈጃል። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወጉትም ለዚህ ነው። ማውንጃሮ የሚባለው ቲርዜፓታይድ ደግሞ የሌላ ሁለተኛ የአንጀት ሆርሞንም ሥራ ይሠራል። «የእንሽላሊት መርዝ ነው» የሚለው ወሬ መነሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈቀደው የዚህ ወገን የመጀመሪያ መድኃኒት፣ ኤክሰናታይድ፣ የተገኘው የአንድ የአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት ምራቅ ከተጠና በኋላ ነው። ሴማግሉታይድ ግን ከእንሽላሊት ጋር ጉዳይ የለውም።

ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ አይቀበልም። ረሀብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ይቀንሳል፣ በቀን የሚቃጠለውም ኃይል ይወርዳል። በመሆኑም አፍን መያዝ በሳምንታት ውስጥ እየከበደ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ትልቅ ጥናት ሁለት ቡድኖች ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት ምክርና ክትትል አገኙ፤ አንዱ ሴማግሉታይድ፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወጋ። ከ68 ሳምንት በኋላ ምክሩን ብቻ ያገኙት በአማካይ ከክብደታቸው 2.4 በመቶ፣ መድኃኒቱ የተጨመረላቸው 14.9 በመቶ ቀነሱ። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ አንዱ 2 ኪሎ ገደማ፣ ሌላው ከ13 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ሁለቱም ተመክረዋል፣ ሁለቱም ሞክረዋል። ሰነፍ የምትሉት የትኛውን ነው?

«ካቆመችው ይመለስባታል» የምትሉት ግን እውነት ነው፤ አንክድም። በዚያው ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በ1 ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ያቆመ ሰው ግፊቱ ሲመለስ ግን «አላልንህም?» የሚለው የለም። ጥያቄው «ለስንት ዓመት ገንዘቡን እችላለሁ?» የሚል ነው፤ እሱን ሳያሰሉ መጀመር ስህተት ነው፤ ይህን ለመድኃኒቱ ጥብቅና የቆምን ለሚመስለው ሁሉ እንናገራለን።

ለማን ነው? በአብዛኛው የክብደትና የቁመት ልኬቱ (ኪሎው በሜትር ለተለካ ቁመቱ ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 27 ሆኖ ከክብደት ጋር የተያያዘ ሕመም፣ ለምሳሌ ግፊት ወይም ስኳር፣ ላለበት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ለሆነ ሰው 30 ማለት 77 ኪሎ ገደማ ነው። ለሰርግ 4 ኪሎ ለመቀነስ የተሠራ አይደለም። እርጉዝ አትወስደውም፤ ለማርገዝ ያሰበችም ሴማግሉታይድን ቢያንስ 2 ወር ቀድማ ታቆማለች። ራሱ ወይም በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያጋጠመው ሰውም አይወስድም። ማውንጃሮ ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሊዳከም ስለሚችል፣ ለ4 ሳምንት ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል።

አሁን መደበቅ ምን እንደሚያበላሽ እንይ።

ያልተጀመረ ፔን፣ ማለትም መድኃኒቱን የያዘው እስክሪብቶ መሰል መውጊያ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ፍሪጁ የቤተሰብ ሲሆን፣ አማት ወይም እህት እንዳታየው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ለጊዜው ላይታወቅ ይችላል፤ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ላይ ግን ቀን ቤቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን መድኃኒቱ ይዳከማል። ከዚያ «አይሠራም፣ ውሸት ነው» ይባላል። ሌላው ተቃራኒው ጥፋት ነው፤ ለመደበቅ ተብሎ ከፍሪዘሩ ሥር፣ ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ይቀዘቅዝና በረዶ ይሆናል። በረዶ የሆነ ፔን ቢቀልጥም አይወጉትም፤ ይጣላል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣም በረዶውን ከፔኑ ጋር ማነካካት ያው ነው፤ በመሐል ጨርቅ ይግባበት። የተጀመረ ኦዜምፒክ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ወይም በፍሪጅ፣ በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው 6 ወይም 8 ሳምንት ይቆያል፤ የጀመራችሁበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ጻፉ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ነው፤ ለጥቂት ሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ሁለተኛው መጠኑን ማጣደፍ ነው። ሴማግሉታይድ በ0.25 ሚሊግራም ይጀመርና 4 ሳምንት ይቆያል። ይህ መጠን የሚሰጠው ሆድን ለማለማመድ እንጂ ለማክሳት አይደለም። ከዚያ ለዌጎቪ በየ4 ሳምንቱ 0.5፣ 1፣ 1.7፣ 2.4 ይሆናል። ማውንጃሮ ከ2.5 ይጀምራል፣ ከ4 ሳምንት በኋላ 5 ይሆናል። በ3ኛው ሳምንት ጓደኛ «ታዲያ የት አለ የቀነስሽው? ገንዘብሽን በሉሽ» ሲል ሰው ደረጃውን ይዘላል። ውጤቱ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የውኃ ማጠር፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት ነው። በወጉ ሲወሰድ እንኳ የዌጎቪን ሙሉ መጠን ከሚወስዱ 100 ሰዎች 44ቱ ማቅለሽለሽ፣ 24ቱ ትውከት ያጋጥማቸዋል፤ አብዛኛው እየለመደ ሲሄድ ይቀንሳል።

በፔን ሳይሆን በብልቃጥ የሚመጣ፣ በሻንጣ ከአረብ አገርም ሆነ በስልክ ትእዛዝ የተገዛ፣ የበለጠ አደገኛ ነው። ሚሊግራምና የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ ያለው መስመር አንድ አይደሉም። በ1 ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ካለው ብልቃጥ 0.25 ሚሊግራም ማለት በ100 ዩኒት ስሪንጅ 5 ዩኒት ብቻ ነው። «ሃያ አምስት ነው የተባልኩት» ብሎ 25 የሳበ ሰው አምስት እጥፍ ወሰደ። ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ገበያ ላይ መገኘቱንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 አስጠንቅቋል። የሚገዛ ሰው የሚያማክረው ሲያጣ ከማንም ይገዛል፤ ፍርዳችን የሚገፋው ወደዚያ ነው።

ሦስተኛው ማታ የምትደውለዋ ናት። ፔን ለሁለት ሰው አይሆንም፤ መርፌው ቢቀየርም አይሆንም። ሲወጉ ደም ወደ ፔኑ ተመልሶ ሊገባ ስለሚችል ሄፓታይተስና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። «እህቴ ናት፣ ምን አለበት» የሚል እዚህ አይሠራም። ለብቻ ሲወጉ ደግሞ አሠራሩ ቀላል ነው፦ እጅ ይታጠባል፤ አዲስ መርፌ ይገጠማል፤ ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ሆድ ላይ ወይም ጭን ላይ፣ በየሳምንቱ ቦታ እየተቀያየረ ይወጋል፤ ኦዜምፒክ ከሆነ ቁጥሩ ዜሮ ከደረሰ በኋላ ቀስ ብሎ እስከ 6 ተቆጥሮ ይወጣል። መርፌው ወዲያው ተነቅሎ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። ፌስታል ውስጥ አይጣልም፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች እጅ ላይ ይሰካል።

አራተኛውና ሕይወት የሚነካው፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨቱን ሳይናገሩ መቅረት ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ደብቆ ቢጨምር ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ቡና ላይ ላብ ካሰመጠው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋባ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተሻለው ድገሙ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ቀዶ ሕክምና ያለበትም ለማደንዘዣ ባለሙያው ይናገር፤ ጨጓራው ባዶ መስሎ ምግብ ሊይዝ ስለሚችል በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ገበታው። እኛ ወሎዎች «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ብለን ካላጎረስን እንግዳ የተቀበልን አይመስለንም። መርፌ የሚወጋ ሰው ጨጓራው ዘግይቶ ነው የሚለቀው፤ በሁለተኛው ጉርሻ የሞላ፣ በአራተኛው የሚያስመልሰው ይሆናል። ቅባት የበዛበት ዶሮ ወጥና ጥብስ ያብሳል። እንግዳ ተቀባይ የሆነ ሰው ትንሽ ሰሐን ይስጥ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አሹቅ ያስቀድም፤ እንጀራውን ያሳንስ። ፕሮቲን የምንለው እዚህ ነው፤ ካልበሉት ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይቀልጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ያለው ሥራ ወይም እንቅስቃሴም ያስፈልጋል። ማቅለሽለሹ የሚብሰው ከመወጋት በኋላ ባሉት 1 እስከ 3 ቀናት ስለሆነ፣ ቅዳሜ ሰርግ ያለበት ሰው ሐሙስ አይወጋ። ቀን መቀየር ይቻላል፤ በሁለት የሴማግሉታይድ መርፌ መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት፣ በማውንጃሮ 72 ሰዓት ይኑር። ጫት የሚቅም ደግሞ ይወቅ፤ ጫትም ምግብ ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ መርፌው ሦስቱንም ሊያደርግ ይችላል።

ጾምን በተመለከተ አጭር ነው። በሳምንት አንዴ ስለሆነ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ መወጋት ይቻላል፤ በጾሙ መግቢያ ላይ ግን መጠን አይጨመር፣ ማታ ውኃ በብዛት ይጠጣ። በፍልሰታና በሁዳዴ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ገበታውን ይሙሉት። «ጾሙ አልበቃት አለ?» ለሚለው፣ ጾም ለአላህና ለእግዚአብሔር ነው፤ ለወገብ ልኬት አይደለም።

«ፊቷ ረገፈ፣ ፀጉሯ አለቀ» የሚባለውም አለ። ፊት የሚሟሽሸው ስቡ ስለሄደ ነው። ፀጉርም በፈጣን መቀነስ ምክንያት ከወራት በኋላ ሊረግፍ ይችላል፤ ከ100 ሰው 3 ያህሉ ላይ ታይቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። እሷ ራሷ በመስታወት ፊት ሁልጊዜ የምታየውን መልሶ ለእሷ መንገር ምን ይጨምርላታል?

ጓደኛ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ከየት ገዛሽው፣ ማን አዘዘልሽ፣ ስንት ሚሊግራም ላይ ነሽ፣ ውኃ ትጠጫለሽ? አብሽሪ ብሎ እነዚህን የጠየቀ ጓደኛ፣ እሷን ሲያማት ለሐኪም የሚናገረው አለው። የላይኛው ሆድ ላይ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የማይለቅ ሕመም የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከትኩሳት ወይም ከዓይን መቢጨት ጋር የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ የጠጡት ውኃ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ፣ ሽንት ከጠፋ፣ ዓይን በድንገት ከደበዘዘ፣ ነገ አይባልም፤ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል፣ ሳጥኑም አብሮ ይሄዳል።

ጠረጴዛው ላይ ባዶ ፔኖችና ስሪንጆች አሉ፤ መስመሩን በእጃችሁ ቁጠሩት። በሰው ፊት መጠየቅ የማይፈልግ ደግሞ ቡናው ሲቀርብ ጎናችን ይቀመጥ።