በወር 992 ዩሮ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር ላወራላችሁ ያሰብኩት፣ ባለፈው ቃልም ገብቼ ነበር። ይቆይልኝ። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እሱን ሳልተነፍሰው ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም።

ልጁን ታውቁታላችሁ። በቅርቡ ለትምህርት ጀርመን የገባው፣ በሰው ጃኬት የመጣው። አዎ፣ እሱ።

እሁድ ኪችን ቁጭ ብለን ባጀቱን እናውጣ ተባባልን። እኔ ቢጫዋን ደብተር ይዤ ነው የሄድኩት። አሁንም አለች፣ ለምትጠይቁኝ። እሱ ደግሞ አንድ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። በማስመሪያ የተሰመረ። ከላይ 992 ብሎ ጽፎ ሁለቴ አስምሮበታል። ከስሩ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ስልክ፣ አስቤዛ፣ የክረምት ልብስ። መጨረሻ ላይ፣ ከሌሎቹ ሁሉ አነስ ባለች ጽሑፍ፣ «እማዬ 50» ይላል።

ወደሷ እመለሳለሁ።

992ን ጀርመን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ብሎክድ አካውንት ማለት ተማሪ ለቪዛ ብሎ የዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ የሚያስቀምጥበት ዝግ የባንክ ሂሳብ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ሴፕቴምበር ላይ ነው እዚያ ውስጥ የሚቀመጠው 11,904 ዩሮ የሆነው። ለ12 ወር ሲካፈል 992 ነው። ከዚያ በፊት 934 ነበር። ጭማሪው የመጣበት ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ። ጁላይ 29 ላይ ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ በወሩ ደግሞ ይሄ መጣ። ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሳያልቅ 120ን አለፈ። ዩሮም አብሮ ወጣ። ልጁን ለመላክ ሲያጠራቅም የኖረ ቤተሰብ በዚያ ክረምት ያጠራቀመው ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ። ስንት ቤት ስብሰባ እንደተቀመጠ አስቡት። ስንት አጎት እንደተለመነ።

እና ያ ሁሉ ገንዘብ ከተገኘ በኋላ እዚህ ሲደርስ የሚለቀቀው እኩል እኩል ተቆርሶ ነው። በየወሩ 992። ወጪው ግን እኩል አይመጣም! ይሄንን መቶ ጊዜ ብናገረው አይሰለቸኝም። የመጀመሪያው ወር ላይ ኪራይ አለ፣ ካውትሲዮን አለ፣ አልጋ ልብስ አለ፣ ድስት አለ። ካውትሲዮን ማለት አከራዩ ጋር የሚቀመጠው ዋስትና ነው። እስከ ሦስት ወር ካልት ሚተ ድረስ ሊጠይቁ ይችላሉ። ማለትም ማሞቂያና ሌላ ሌላው ሳይጨመር ባዶው ኪራይ ሲባዛ በሦስት። በዚያ ወር 992 የት ይደርሳል?

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፣ በተለይ አዲስ የምትመጡ። ካውትሲዮኑን በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈል በሕጉ መብታችሁ ነው። የመጀመሪያው ሲሶ ቤቱን ስትረከቡ፣ የቀረው በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ከኪራዩ ጋር። ልጁ ይሄንን አያውቅም ነበር። ብዙ ሰው አያውቅም። ከአገር ቤት ስትነሱም ከብሎክዱ ውጪ የመጀመሪያውን ወር የሚሸፍን ነገር ለብቻ ያዙ። እንዴት እንደሚያዝ... እሱን ሌላ ቀን። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ኧረ ወደ ወረቀቱ ልመለስ።

የረሳው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ሩንድፉንክ ነው። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ክፍያ፣ በወር 18.36። «ቴሌቪዥን የለኝም» አለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ቢኖርህም ባይኖርህም የሚከፈል ነው፣ በቤት ነው የሚቆጠረው። ቬጌ ውስጥ፣ ማለትም አንድ ቤት ተጋርታችሁ፣ አምስት ሆናችሁ ብትኖሩ አንድ ክፍያ ነው፣ ትካፈሉታላችሁ። ዶርም ውስጥ ግን በሩ ማንም ወደሚያልፍበት ኮሪደር የሚከፈት ክፍል ራሱን እንደቻለ ቤት ነው የሚታየው። የሱ በር ደግሞ እንደዚያ ነው። ደብዳቤው አድራሻ ካስመዘገብክ በኋላ ይመጣል፣ የሚጠይቀውም የሦስት ወሩን አንድ ላይ ነው። ስለዚህ በየወሩ ካላስቀመጥከው በአንዴ 55 ዩሮ ይሆንብሃል።

ሁለተኛው የሴሜስተር ክፍያ ነው። እንደ ዩኒቨርሲቲው ቢለያይም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በዓመት ሁለቴ ይመጣል፣ ሁሌም ኪስ ሲደርቅ ጠብቆ። ለሱ በየወሩ 32 እናስቀምጥ ብለን ጻፍን። ከሩንድፉንኩ ጋር 50 ከምናምን ሳንቲም ሆነ። እነዚህ ሁለቱ ከመጨመራቸው በፊት ሂሳቡ ልክ 992 ነበር። አሁን 50 ጎደለ።

እና እኔ ወረቀቱን አየሁት። ኪራይ አይነካም። ኢንሹራንሱ 140 አካባቢ ነው፣ አይነካም። ዓይኔ ታች ወረደ። ቀስ ብዬ፣ «ይህቺን ለጊዜው አውጣት» አልኩት። ጣቴን «እማዬ 50» ላይ አድርጌ።

ዝም አለ።

«ላክልኝ ብላሃለች እንዴ?» አልኩት።

«አላለችም።»

«ታዲያ መጀመሪያ አንተ ቁም። ሥራ ስታገኝ ትልካለህ። ማን ይቆጣሃል?»

እርሳሱን እያሽከረከረ ትንሽ ቆየና፣ «ዕቁቧን ነው የሰጠችኝ» አለኝ። «ዕጣው ቀድሞ ወጣላት። እስከ ሐምሌ ገና ትጥላለች።»

ሌላ ምንም አላለም። ወረቀቱን ወደራሱ ሳበና አስቤዛ የሚለውን ፈለገ። 190 ነበር። በአንድ መስመር ሰረዘው። ጎኑ ላይ 140 ብሎ ጻፈ። ከዚያ፣ «አሁን ልክ መጣ፣ አይደል እህቴ?» አለኝ።

ልክ መጥቷል። ምን ልበለው? ሂሳቡ ልክ ነው።

ይሄው ነው። ከእሁድ ጀምሮ የሚመላለስብኝ ይሄ ነው። እኔ ስጦታ መስሎኝ ነበር። ናፍቆትም ይሉኝታም የወለደው፣ ሊቆይ የሚችል ነገር። እሱ ግን ዕዳ ነው የጻፈው። ዕቁብ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከበላህ በኋላ ነው የሚከብደው። ቀድሞ የወጣለት ሰው ጨርሼ በልቻለሁ ብሎ አይቀርም፣ ስሙ አለ፣ ዳኛው አለ፣ ሰፈሩ አለ። እናቱ እስከ ሐምሌ በየወሩ መጣል አለባት። ያ ወረቀት ላይ ካሉት ሁሉ ቀነ ገደቡ የማይገፋው የሷ ነው ማለት ነው።

992 የተወሰደው ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከባፌግ ነው። መንግሥት ቤተሰቡ መደገፍ ለማይችል ተማሪ ከሚሰጠው ድጋፍ ጣሪያ። አያችሁ፣ እዚያ ስሌት ውስጥ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ተማሪው ብቻ ነው። ከተማሪው ወደ ቤት የሚሄድ የሚባል ነገር የለበትም። የለበትምም ብዬ አልፈርድም፣ ለማን እንደወጣ የታወቀ ነገር ነው። ግን እኛ ያንን ቁጥር ተቀብለን ባጀት ስናስተምር፣ እኔም እዚሁ ማይክ ላይ ስንት ጊዜ ስናገር፣ ለቤት የሚባል መስመር አስገብተን አናውቅም። ሁሉም ሰው ይልካል። ማንም አይጽፈውም። ከአስቤዛ ላይ ነው የሚወጣው።

140 ዩሮ ይበቃል? ይበቃል፣ ምስርና ሩዝ ከሆነ፣ ካልታመመ፣ ውጪ ካልበላ። ሰው ኖሮበታል። ግን ደግሞ የመጀመሪያ ክረምቱ ነው። ገና ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ የሚጨልምበት፣ እኔ እንኳን... እሺ። አይ፣ እሱን ይቅር።

ሥራ ሲያገኝ ይቃለላል እላለሁ። ከ2024 ማርች ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይቻላል፣ ድሮ 120 ነበር። ግን ቋንቋው ገና ነው። ፈተናም አለ። የሚሠራበት ቀን ስላለ ብቻ ሥራው አለ ማለት አይደለም።

«አውጣት» ያልኩት አሁንም ልክ ይመስለኛል። ሆዱን አስርቦ የሚማር ልጅ እናቱንም አይጠቅምም። ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ ያቺን «እስከ ሐምሌ ገና ትጥላለች» ሲል ድምፁን አስታውሳለሁ፣ እና... እኔ ብሆን የቱን እሰርዝ ነበር? አስቤዛውን ነበር መሰለኝ። አላውቅም።

ደግሞ ሐምሌ ሲመጣ ዕቁቡ ቢያልቅም የሚቀጥለው ሴሜስተር ክፍያ አለ። የመኖሪያ ፈቃዱም የሚታደስበት ጊዜ ይደርሳል። ለእድሳት ደግሞ ለሁለተኛው ዓመት የሚሆን ገንዘብ እንዳለህ እንደገና ማሳየት አለብህ። እሱን እሁድ ዕለት አላነሳነውም። እሱም አላነሳው፣ እኔም ወረቀቱ ልክ መጥቶ ደስ ብሎት ሳየው... ነገ ኪችን ውስጥ ሳገኘው ላንሳበት? ወይስ እስከ ገና ልተወው? ሁለተኛ ዓመታችሁን ያሳለፋችሁ፣ ገንዘቡን በምን እንዳሳያችሁ በድምፅ ላኩልኝ። ስም አልጠራም። ብቻ እስከ ሐሙስ ቢደርሰኝ፣ ምክንያቱም ሐሙስ...